ቀይ ክዳን ያለው ምሳ ዕቃ

ቂመኛ ነኝ፤ አልደብቅም። ሰው ስሙን ቢነግረኝ በሦስተኛው ቀን እረሳዋለሁ፣ ያስቀየመኝን ሰው ግን ያን ቀን የለበሰውን ሸሚዝ ሳይቀር አስታውሳለሁ። "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" ይባላል፤ እኔ ጸሎቱን ትቼ ቂሙን የያዝኩ ሰው ነኝ። የመጀመሪያውን የያዝኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። የያዝኩትም በአንድ ወረቀት ምክንያት ነው።

ወረቀቱን የወጥ ቤታችን በር ላይ የለጠፈችው አባቴ ያገባት ሴት ናት። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ስለሞተች አላውቃትም፤ ቤቱ የእኔና የአባባ ብቻ ነበር። አባባ አናጺ ነበር፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሲስቅ ሆዱ የሚንቀጠቀጥ ሰው። እራታችን ያገኘነው ነው። አንድ ቀን የተጠበሰ ሥጋ በዳቦ፣ አንድ ቀን ዳቦ ብቻ፣ አንድ ቀን ደግሞ እሱ ራሱ ሠርቶ ያሳረረው ሩዝ። ጨው በእፍኙ ነበር የሚጨምረው። "ጨው የሌለው ምግብና ቀልድ የማያውቅ ሰው አንድ ናቸው" ይለኝ ነበር።

ሴትዮዋ የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ለየበሽተኛው የሚስማማውን ምግብ ለይታ የምታዘጋጅ። ቤታችን የገባችው አንድ ሻንጣ፣ አንድ ትንሽ ሚዛንና ሦስት ምሳ ዕቃ ይዛ ነው። አንዱ ክዳኑ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ነጭ። እነሱ ዘንድ የበሽተኛ ምግብ የሚለየው በክዳኑ ቀለም ነው፤ ቀይ ከሆነ ጨው አልገባበትም ማለት ነው። ያንን የሆስፒታል ልማዷን ይዛ መጣችና ቀዩን ለአባባ፣ ሰማያዊውን ለእኔ፣ ነጩን ለራሷ አደረገች። ወዲያው ወረቀቱ ተለጠፈ። ሰባቱ ቀናት ወደ ታች፣ ሦስታችን ወደ ጎን። በእኔ ስም ሥር እንቁላል፣ ምስር፣ ካሮት፣ ወተት፣ ብርቱካን፣ ሐሙስ ሐሙስ ጉበት። በአባባ ስም ሥር ሩዝ፣ ጥቅል ጎመን፣ ሩዝ፣ ፖም፣ መዳፍ የማይሞላ ዓሣ፣ አሁንም ሩዝ።

"ይሄ ምንድነው?" አልኳት።

"የሳምንቱ ምግባችን ነው። አባትሽ ቤት ሲሠራ በምስማር ብቻ ይሠራል? በእንጨት ብቻስ? ሰውነትም እንደዛ ነው። ጉልበት የሚሰጥ አለ፣ የሚገነባ አለ፣ ከበሽታ የሚጠብቅ አለ። ሁሉም በልኩ ሲገባ ነው የሚቆመው።"

"አባባንስ የሚገነባው የት አለ?"

እሷ አባባን አየችው፤ አባባም እሷን አየ።

"እኔ ተገንብቼ ያለቅሁ ነኝ" አለ አባባ፣ ሆዱን መታ መታ እያደረገ። ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ያን ጊዜ ከሐኪም ቤት ከተመለሱ አራተኛ ቀናቸው እንደነበር አሁን አውቃለሁ። "ልጅ አይስማ" ተባብለው ነበር። ቤታችንን ያፈረሰው ይሄው "ልጅ አይስማ" የሚሉት ነገር ነው፤ ልጅ ያልነገሩትን ከራሱ ፈጥሮ ይሞላዋል። እኔም ሞላሁት።

ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ የአባባ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ትኖር ነበር። አክስቴ ሴትዮዋን ገና ከመግባቷ ጥርስ ውስጥ አስገብታታለች። ሩዙን በግራም ስትለካ ባየች ጊዜ "ሚዛን" ብላ ስም አወጣችላት፣ እኔም ተቀበልኩ። "ሚዛን መጣች"፣ "ሚዛን ወጣች"። ከትምህርት ቤት ስመለስ አክስቴ በር ላይ ትጠብቀኛለች።

"ዛሬስ ምን ሰጠችው?"

"ጥቅል ጎመን።"

"ጥቅል ጎመን! ጥንቸል ያገባች መሰላት እንዴ? ወንድሜን እኮ አደረቀችብኝ! ለአንቺስ?"

"እንቁላልና ወተት።"

"አየሽ? አንቺን በወተት ታባብልሻለች፣ እሱን ትጨርሰዋለች። ከዛ ቤቱ የማን ነው?"

የማን እንደሚሆን አላውቅም ነበር፤ የእኔ እንደማይሆን ግን ከአክስቴ ፊት ገባኝ።

ደግሞም በዓይኔ ያየሁት ነገር ነበር። ከእራት በፊት አባባን ወንበር ላይ ታስቀምጠውና ሱሪውን ሰብስባ፣ አውራ ጣቷን የእግሩ አጥንት ላይ ትጫናለች። በከንፈሯ እየቆጠረች ትቆያለች። ከዛ ለቃ የቀረውን ጎድጓዳ ምልክት አጎንብሳ ታያለች። "ቀንሷል" ትላለች፣ ፊቷ እየበራ። "ገና ይቀንሳል፣ ታያለህ።" በግ የሚገዛ ሰው ጎኑን እየጨበጠ ሥጋውን እንደሚለካው ነው የመሰለኝ። የአባባ ሥጋ እያለቀ መሆኑን እየለካች የምትደሰት ሴት! ቆሽቴ አረረ።

አሁን ነርስ ነኝ። በቀን ሃያ እግር እጫናለሁ። ኩላሊት ሲደክም ውሃው እግር ውስጥ ይጠራቀማል፣ ጣት ሲጫኑበትም ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። ስትለካ የነበረው ሥጋውን አልነበረም። "ቀንሷል" ስትል የአባቴ ዕድሜ ትንሽ ረዘመ ማለቷ ነበር፤ ጨው ደግሞ ያንን ዕድሜ የሚበላው ነገር ነበር። ይህንን ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ የማላውቀው እኔ ነበርኩ።

ትምህርት ቤቴ ለአባባ የሥራ ቦታ ቅርብ ስለነበር ምሳ የምንበላው አብረን ነው። ሁለቱን ምሳ ዕቃ ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ። ባልደረባው ምሳውን ቤቱ ሄዶ ስለሚበላ በዚያ ሰዓት ሁለታችን ብቻ ነን። ሰጋቱራ እግራችን ሥር፣ የሙጫ ሽታ፣ ለጠረጴዛ የተሰነጠቀ ጣውላ መሐላችን። አባባ ቀዩን ክዳን ይከፍትና ሩዙን እንደ ጠላት ያየዋል።

አንድ ቀን አንጀቴ አልችል አለ። ሰማያዊውን ወደ እሱ ገፋሁት። እንቁላልና ድንች ነበር፣ ጨው በደንብ የገባበት።

"ተይ እናቴ" አለኝ። "ትቆጣናለች።"

"አታየንም።"

አንድ ጉርሻ ወሰደ። ዓይኑን ጨፈነ። ሁለተኛ ወሰደ። ከዚያ በኋላ ለማቆም እንኳ አልሞከረም።

"ጉድ ነው" አለ አፉን ሞልቶ። "ለካ ምላሴ በሕይወት አለ!"

እኔ የእሱን ሩዝ በላሁ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ወረቀት ማኘክ ይሻላል። ግን እያንዳንዷን ጉርሻ እሷን ድል እየነሳሁ እንደሆነ አድርጌ ዋጥኳት። በማግስቱ አባባ ራሱ እጁን ወደ ሰማያዊው ሰደደ። በሦስተኛው ቀን ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ "ለሷ አንነግራትም" አለኝ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ሙሉ ምሳ ተቀያይረን በላን፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ወር ደስ ብሎኝ አያውቅም። አባባን ከጠላት እጅ የማስለቅቅ መስሎኝ ነበር። እናቴ ሲለኝ፣ ሲስቅ፣ ጣቱን ሲልስ፣ ከእኔ በላይ ጀግና ያለ አይመስለኝም ነበር።

አባቴን ስለዚህ ነገር ይቅር አላልኩትም። ልጅ ነበርኩ፣ እሱ ግን ልጅ አልነበረም። ሐኪሙ በጆሮው የነገረውን በምላሱ ሸጠው፤ አሻሻጭ ያደረገውም እኔን ነው።

ቤት ውስጥ ሚዛን ግራ ገባት። ማታ ማታ ስትጫነው ፊቷ መብራቱን ተወ። "እንዴት ሊሆን ይችላል?" ትላለች ለራሷ። ዓሣውን ከወረቀቱ ሰረዘች። ጥቂት ቀን ቆይታ ፖሙን በግማሽ አደረገችው። ባበጠ ቁጥር ትቀንስበታለች፣ በቀነሰችበት ቁጥር እኔ ጥርሴን እነክስባታለሁ፣ ጥርሴን በነከስኩ ቁጥር ለአባባ የእኔን ምሳ እስከ መጨረሻው አበላዋለሁ። ቤት ስንገባ ሁለታችን እየተያየን በሆዳችን እንስቃለን።

ከዚያ በሆነ ጊዜ መሰረዟን አቆመች። ወረቀቱን ማየትም ተወች። ምሳ ዕቃዎቹን እየሞላች በዝምታ ትሰጠኝ ጀመር፣ እግሩንም መጫን ተወች። እሰይ፣ ሰለቻት አልኩ። ተሸነፈች አልኩ።

አንድ ማክሰኞ አባባ የሥራ ቦታው ላይ ወደቀ። እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ትንፋሹ አጥሮት፣ ደረቱን ይዞ፣ መጋዙን ሳይለቅ እንደወደቀ ባልደረባው ነገረን። ሆስፒታል አስተኙት።

ቅዳሜ ከሰዓት አክስቴ ቤት ሰው ተሰበሰበ። ጎረቤቶች ነበሩ፣ የአባባ ባልደረባም ነበረ። ሚዛን በር አጠገብ፣ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ ተቀምጣለች። አክስቴ መሐል ቆማ ትጮሃለች።

"ይሄን የሚያህል ሰው! የተሸካሚ ሸክም የሚያነሳውን ሰው ሸምበቆ አደረገችው! ልጅቷ ትመስክር! ነይ የኔ ልጅ፣ ያየሽውን ተናገሪ፣ አትፍሪ።"

ምን ቆርጦኝ እፈራለሁ! ይቺን ቀን ስጠብቅ ነበር።

"አባባን ታስርበዋለች" አልኩ፣ አፌን ሞልቼ። "ለእሱ ሩዝ ብቻ ነው የምትሰጠው። እግሩን እየተጫነች ሥጋው ምን ያህል እንዳለቀ ታያለች። ሲቀንስ ደስ ይላታል።"

ሰዉ "እግዚኦ!" አለ። አንዲት ጎረቤት ፊቷን አማተበች። ባልደረባው ራሱን እየነቀነቀ "ልጅ አይዋሽም" አለ።

ያኔ ሚዛን ቀና አለች። እኔን ብቻ ነው ያየችኝ።

"ቀይ ክዳን ያለውን ምሳ ማን ነበር የሚበላው?" አለችኝ፣ በለሆሳስ።

ይሄን አልጠበቅሁም። አክስቴ ክንዴን ጨብጣኛለች።

"አባባ" አልኩ።

ይህቺን ቃል ያልኩት አውቄ ነው። ሌላውን ሁሉ አለማወቅ ነው ብዬ ራሴን ባታልል፣ ይህቺ ግን ውሸት እንደሆነች እያወቅሁ የተናገርኳት ናት።  ሚዛን ተነሳችና ወጣች። ማታ ሻንጣዋን ይዛ ከቤታችን ስትሄድ በመስኮት አየኋት። ወረቀቱን ከበሩ ላይ ገንጥዬ አራት ቦታ ቀደድኩት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

አባባ ከሆስፒታል ሲወጣ አክስቴ ወደ ቤቷ ወሰደችው። ሐኪሙ ጨው እንዳይነካ፣ ሥጋ እንዳያበዛ አንድ በአንድ ነግሯታል። "እሺ ዶክተር፣ እሺ ዶክተር" ብላ ወጣችና ገና ከበሩ ሳንርቅ "ሐኪም ምን ያውቃል፣ የደከመ ሰው የሚነሳው በሥጋ ነው" አለች። ከዚያ የሾርባ ድስት ከእሳት አልወርድ አለ። አጥንቱ፣ ጉበቱ፣ ጥብሱ፣ ጨው እንደ ልብ። እኔ ነኝ የማጎርሰው። "ለአባትሽ እጅ ሁኚው" ትለኛለች አክስቴ፣ እኔም እሆነዋለሁ።

አባባም ወፈረ። በዓይናችን እያየን ወፈረ! ጉንጮቹ ተነፉ፣ የእጁ ጣቶች ሞሉ፣ ጠዋት ሲነሳ ዓይኖቹ ባበጠው ፊቱ ውስጥ ጠፍተው ሳቂታ ሕፃን ይመስላል። አክስቴ ጎረቤት እየጠራች ታሳያለች፤ "አያችሁ? ሰው በሰው እጅ ሲሆን እንዲህ ነው!" እኔም ትምህርት ቤት አባቴ እንደወፈረ ለሁሉም ተናገርኩ።

ያ ውፍረት አልነበረም። ውሃ ነበር። አሁን እንደዚያ ያለ ፊት በምሠራበት ክፍል በር ሲገባ ሳይ፣ ካርዱን ሳላነብ ስንት ቀን እንደቀረው እገምታለሁ።

አባባ ከሁለት ወር በኋላ ሞተ። ቀብሩ ላይ ሚዛን ጥቁር ለብሳ ከሰዉ ኋላ ቆማ ነበር። ሄጄ ፊት ለፊቷ ቆምኩና፣ ሰዉ ሁሉ እንዲሰማ "አንቺ ነሽ የገደልሽው፣ አስቀድመሽ ጀምረሽው ነበር!" አልኳት። ማንም አልገሠጸኝም። አንድ ሰው እንዲያውም ፀጉሬን ዳበሰኝ። እሷ ዞር ብላ ሄደች። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ባየኋት ቁጥር እምትፋው ነገር ባይኖረኝም እንትፍ እል ነበር።

እውነቱን ያወቅሁት የነርስ ትምህርት ስማር ነው። አስተማሪያችን የአንድ በሽተኛ እግር ላይ አውራ ጣቷን ተጭና "እዩ" አለችን። አየሁ፤ የሚዛን ጣት ነበር። ለአክስቴ ሄጄ ብነግራት "ተይ እስቲ፣ የአምላክ ፈቃድ ነው" አለችኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚሉት ይሄ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ደጇን አልረገጥኩም፤ ስትታመም አልጠየቅኋት፣ ስትሞት አልቀበርኳትም። አይቆጨኝም።

ሚዛን ጋ ለመሄድ ግን ስድስት ዓመት ፈራሁ። በሃያ ስድስት ዓመቴ እሷ የምትሠራበት ሆስፒታል ተመደብኩና መሸሻ አጣሁ። አንድ ቀን ምሳ ተነስቶ እራት ሳይጀመር ወደ ወጥ ቤቱ ወረድኩ። ብቻዋን ካሮት ትልጣለች። ሸብታለች፣ ቀንሳለች፤ ግን ገና ስገባ አወቀችኝ።

"ነርስ ሆነሽ መጣሽ አሉ" አለችኝ። "ቁጭ በይ።"

አልተቀመጥኩም። ብቀመጥ የምናገር አልመሰለኝም።

"ምሳውን እቀይር ነበር" አልኳት። "ቀዩን የምበላው እኔ ነበርኩ። ለሰዎቹ ዋሸሁ። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።"

"አውቃለሁ" አለች። መላጧን አላቆመችም።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመውደቁ ዘጠኝ ቀን በፊት።"

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀጥሎ ቀኖቹን ቆጠርኩ።

"እብጠቱ አልቀንስ ሲለኝ" አለች፣ "ምን እየበላ እንደሆነ ልየው ብዬ በምሳ ሰዓት መጣሁ። በሩ ላይ ቆምኩ። ያንቺን ምሳ ዕቃ ታቅፎ ይበላል። ገብቼ ከእጁ ልነጥቀው አንድ እግሬን አንስቼ ነበር። ያኔ አንቺ 'ሚዛን ብታየን ምን ትላለች?' አልሽው። እሱ ደግሞ 'ሚዛንማ ብታየን ሳቃችንንም በግራም ትቀንስብናለች' አለ። ሁለታችሁም በሳቅ ፈረሳችሁ።"

ቀልዱን ረስቼዋለሁ። እኔ፣ ምንም የማልረሳዋ፣ ረስቼዋለሁ።

"ስሜ ሚዛን እንደሆነ ያወቅሁት ያን ቀን ነው" አለች። "በየማታው ተንበርክኬ እግሩን የምይዝለት ሰው ነው እንዲህ የሚለኝ። ደሜ ፈላ። ይብላ አልኩ። ይብላ! ትንፋሽ ሲያጥረው እያለቀሰ ወደ እኔ ይመጣል፣ ያኔ የማውቀውን እነግረዋለሁ አልኩ። ምሳችሁን እየሞላሁ ይለምነኛል ብዬ ጠበቅሁ። ዘጠኝ ቀን ጠበቅሁ፤ በዘጠነኛው ወደቀ።"

"ለዚህ ነው አክስቴ ቤት ዝም ያልሽው?"

"ክዳኑን የጠየቅሁሽ ለዚህ ነው። አንቺ እውነቱን ብትናገሪ እኔም የእኔን ልናገር ነበር። ዋሸሽ። እውነት ልንገርሽ፣ ስትዋሺ እፎይ ነው ያልኩት።"

ቢላዋዋን አስቀመጠች። እጇን በሽርጧ ጠረገች።

"አሁን እኔ ልጠይቅሽ" አለችኝ። "እዚህ ቤት ሐኪም ሞልቷል፣ አንዱንም ደፍሬ ጠይቄ አላውቅም። ምን ብዬ? ያን ቀን ገብቼ ብነጥቀው ኖሮ፣ ይተርፍ ነበር?"

በሙያዬ መልሱን አውቀዋለሁ፤ መልሱ "አይታወቅም" ነው። ኩላሊቱ አስቀድሞ ምን ያህል እንደተጎዳ አላየሁም፣ ከዚያም በኋላ የአክስቴ ሁለት ወር አለ። ይህን ሁሉ ልነግራት እችል ነበር። ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ንጹሕ ሴት በደልኩ ብዬ ስቃጠል ነው የኖርኩት። ለካ ንጹሕ አልነበረችም! ዘጠኝ ቀን እያወቀች! አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። የድሮው ቂሜ እንደገና ጉልበት አገኘ።

"አዎ" አልኳት፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ። "ይተርፍ ነበር።"

ራሷን ነቀነቀች፣ ለብዙ ጊዜ ስትጠብቀው የቆየችው መልስ እንደደረሳት ሁሉ። አላለቀሰችም። ቢላዋዋን መልሳ አነሳች፣ አንድ ካሮት ላጠች፣ ሁለተኛውን ስትጀምር ነው ቀና ያለችው።

"የእኔ ዘጠኝ ቀን የሚያተርፈው ከነበረ" አለችኝ፣ "ያንቺ አንድ ወር ምን አደረገው?"

ለእሷ ያልኩት "አዎ" በእኔም ላይ የተፈረደ መሆኑ ቀስ ብሎ ገባኝ። እሷ ወደ ካሮቷ ተመለሰች። አራት ዓመት ሆነን፣ እዚያው አንድ ሕንፃ ውስጥ እንሠራለን፣ በየቀኑ እንተያያለን። ይቅር ብዬሻለሁ ያለ እስከ ዛሬ የለም።